መልስ፦ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ እሴት ዛሬ የት ይታያል?

የዩኒቨርሲቲው መነሻ እሴት ዛሬ የት እንደሚታይ የጻፍኩትን ወረቀት መምህሩ መለሰብኝ ብለሃል። የመለሰብህ የዛሬውን «ራዕይና ተልዕኮ» ገልብጠህ መነሻ እሴት ስላልከው ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ሐሳቡ ሦስት ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ ውጤቱን ገበሬው ዘንድ ማድረስ።

ሦስተኛውን ያዝ፤ ፍሬ ነገሩ እዚያ ነው። አንድ የድንች ወይም የማሽላ ዝርያ ምረጥና ከምርምር ማሳው እስከ ገበሬው እርሻ ተከተለው። መንገድ ላይ ከቀረም ግኝት ነው፣ እንዳለ ጻፈው።

አደራ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች «ዩኒቨርሲቲው» እያልክ አትጠይቅ። እኔ እንዲያ ብዬ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ «ኮሌጁ» ስል ነው ወሬው የመጣው። ኦሮምኛ ካልቻልክ የሚችል ጓደኛ ይዘህ፣ ከድሬዳዋ በጠዋት ውጣ። በርጫ ከተጀመረ በኋላ መጠይቅ የሚሞላልህ የለም።