መልስ፦ ኮምፓይለሬ ሥራውን ጨርሶ ሊዘጋ ሲል ለምን ክራሽ ያደርጋል?

ወንድሜ፣ በሲ ቋንቋ የጻፍከው ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ የተሰጡትን የአማራጮች ዝርዝር ፍሪ ሲያደርግ፣ ማለትም የያዙትን ሜሞሪ ሲለቅ፣ ይወድቃል ብለሃል። ነገሩ የሜሞሪው ባለቤት ማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። ከፋይል ላነበብካቸው አማራጮች በማሎክ (ሜሞሪ በሚሰጠው የሲ ፈንክሽን) ቦታ ይዘሃል፤ እነሱን ፍሪ ማድረግ ልክ ነው። ከትዕዛዝ መስመር የመጡት ግን የአርግቪ (ለፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰጠው የትዕዛዝ ቃላት ዝርዝር) ናቸው፤ በማሎክ ስላልያዝካቸው ፍሪ ልታደርጋቸው አይገባም። ይባስ ብሎ የ«ሰረዝ አይ»ን (ፋይሎች የሚፈለጉበትን ፎልደር የሚነግረውን አማራጭ) ፓዝ ስትወስድ ሁለት ፊደል ዘለህ ከመሃል ነው የጠቆምከው። ፍሪ ማሎክ የሰጠውን አድራሻ እንጂ መሃሉን አይቀበልም።

ሁሉንም በስትርደፕ (ጽሑፍን በማሎክ በተያዘ አዲስ ቦታ በሚገለብጠው ፈንክሽን) ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፤ ያኔ ያለ ልዩነት ፍሪ ታደርጋለህ። ራስህ በማሎክ የምትገለብጥ ከሆነ ስትርለን በሚሰጥህ የጽሑፉ ርዝመት ላይ አንድ ባይት ጨምር፤ የጽሑፉን መጨረሻ የምታመለክተው የመዝጊያዋ ዜሮ ቦታ ትፈልጋለች። ከዚያ ከነዲበግ መረጃው በአድረስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተትን በሚያጋልጠው መሣሪያ) ኮምፓይል አድርገህ አሂደው። የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሸ ያሳይሃል።