ፒችትሪን ትተን ወደ አዲሱ ፕሮግራም እንሻገር?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መጋዘን አለን። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቧንቧና ሚስማር እናከፋፍላለን፤ ቃሊቲና ዱከም ደግሞ አንድ አንድ ሱቅ አለን። ሥራውን ከአባታችን ተረክበን የምንመራው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ሒሳባችንን ከ2003 ጀምሮ የምንይዘው በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ወንድሜ «ፕሮግራሙ አርጅቷል፣ ሱቆቹና መጋዘኑ አይተያዩም፤ ሁሉን በኢንተርኔት ወደሚያገናኝ አዲስ ፕሮግራም እንሻገር» ይላል። አንድ ድርጅት መጥቶ አሳይቶናል። ዋጋው 900 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በኋላ በተጠቃሚ ቁጥር በዶላር ተሰልቶ በየዓመቱ የሚከፈል አለ። የሒሳብ ሠራተኛችን ወይዘሮ «ወጪው ይህ ብቻ አይደለም» እያሉ ይቃወማሉ፤ ዘርዝሩ ሲባሉ ግን ይቸገራሉ። ወንድሜ ለውጥ ፈርተው ነው ይላል። ማንን ልስማ?
ስሜ ይቆይ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ይስሙ፤ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት ግን ወይዘሮዋን አስቀድመው ይስሙ። ከቃሊቲ እስከ ዱከም፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ሒሳብ ስሠራና ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከአሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ የሚደረገውን ጉዞ አንዳንዴ ከባለቤቱ፣ አንዳንዴ ከሻጩ ወገን ሆኜ አይቻለሁ። ወይዘሮዋ ዝርዝሩን መናገር ያቃታቸው ወጪው ስለሌለ አይደለም። ወጪው ያለው እርሳቸው በየቀኑ በእጃቸው በሚሠሩት፣ ማንም ስም ባላወጣለት ሥራ ውስጥ ነው።

የወንድምዎ ነገር ሐሰት አይደለም። ፒችትሪ የሚለውን ስም ባለቤቱ የእንግሊዙ ኩባንያ ሴጅ ወደ ሴጅ 50 ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ ዘንድ በብዙ መጋዘን አሁንም የሚሠራው የእ.ኤ.አ. 2010 እትም ነው። የተጫነበት ኮምፒውተር የሞተ ቀን ምን እንደሚደረግ ማሰብ ተገቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መሻገር አለመሻገር ሳይሆን ስንት እንደሚያስወጣና መቼ እንደሚሆን ነው።

ከፌሮ ልጀምር። ከፋብሪካ የምትገዙት በክብደት ነው፤ የምትሸጡት በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ቁጥር። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በደረጃው መሠረት በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ የ12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው። 100 ኩንታል ስትረከቡ አዲሱ ፕሮግራም ያካፍልና 938 ቤርጋ ብሎ ይመዘግባል። የመጣው ብረት ትንሽ ቀጠን ብሎ አንዱ ቤርጋ 10.4 ኪሎ ከሆነ ግን ከመኪናው የወረደው 961 ነው። 938ኛው በተሸጠ ቀን ኮምፒውተሩ «ዕቃ የለም» ይላል፤ 23 ቤርጋ ግን መጋዘኑ ውስጥ ተጋድሟል። ይህ ችግር እስከ ዛሬ ያልተሰማችሁ የመጋዘን ኃላፊያችሁ ሲረከቡ አንድ በአንድ አስቆጥረው በቤርጋ ስለሚያስመዘግቡ ይመስለኛል። ይህን የሚያደርጉት በየትኛውም መመሪያ ስለተጻፈ አይደለም፤ ስለሚያውቁ ነው። ሻጩ ድርጅት ፕሮግራሙን ሲያሳያችሁ ያቀረበው ምሳሌ በፍሬ ተገዝቶ በፍሬ የሚሸጥ ዕቃ ከነበረ፣ የእናንተን ሥራ ገና አላየም።

ሌላም አለ። ፒችትሪ የሌለ ዕቃ ሲሸጥ ያስጠነቅቃል እንጂ አይከለክልም። አይሱዙው ሌሊት ይደርሳል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደንበኛው ሊጭን ይቆማል፤ የመረከቢያ ሰነዱ ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽያጩ ቀድሞ ይገባል፣ ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሰነዱ ሲገባ ይስተካከላል። ለሒሳብ ጤናማ ልማድ አይደለም፤ የተሸጠውን ዕቃ ወጪ ያዛባል። ይሁንና አዲሱ ፕሮግራም ይህን በር ዘግቶ ሲመጣ ደረሰኝ አይወጣም፣ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ ከኋላው የተሰለፈውም አብሮ ይቆማል። መፍትሔው በሩን ማስከፈት አይደለም፤ ሌሊት ዕቃ ተረክቦ ወዲያው የሚመዘግብ ሰው መቅጠር ነው። የዚያ ሰው ደመወዝ በ900 ሺህ ብሩ ውስጥ የለም።

ልማድና ፕሮግራም አለመጣጣማቸው ከእናንተ እጅግ የሚበልጡትንም አክስሯል። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሊድል ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የሶፍትዌር ኩባንያውን የኤስኤፒን ፕሮግራም ሊያስገባ ሲደክም ቆይቶ፣ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ካወጣ በኋላ በእ.ኤ.አ. 2018 ተወው። በወቅቱ በሰፊው ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ ሊድል የዕቃ ክምችቱን የሚይዘው በገዛበት ዋጋ ነበር፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ግን በመሸጫ ዋጋ ለመያዝ ነው። ድርጅቱ ልማዱን ከመቀየር ፕሮግራሙን ለማስቀየር መረጠ። እናንተም በእያንዳንዱ ልማዳችሁ ላይ ይህ ምርጫ ይመጣባችኋል። «ለእናንተ ብለን እንቀይረዋለን» የሚለው ቃል ደግሞ ሲሰሙት ደስ ቢልም ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል ነው፦ አንዴ ሲቀየር፣ ሌላ ጊዜ አዲስ እትም መጥቶ የተቀየረው ሲበላሽ።

ሁለተኛው ትልቅ ወጪ ማጽዳት ነው። ከ2003 ጀምሮ በገባው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ «ፌሮ 12»፣ «ብረት ባለ 12» እና «ዲፎርምድ ባር 12» ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ሆነው እንደማገኛቸው አልጠራጠርም። የደንበኛ ስም ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ አንዱ ሰው በሁለትና በሦስት አጻጻፍ ይገባል፤ ዱቤው በአንዱ ስም፣ ክፍያው በሌላው ይቀመጣል። ይህ ሳይጸዳ ከተሻገረ የከፈለ ሰው ባለዕዳ ተብሎ ይጠየቃል፤ ነጋዴ ደግሞ ከፍሎ መጠየቅን አይረሳም። ደንበኞቹን በስም ሳይሆን በአሥር አኃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስተካክሉ። ይህን ሥራ የሻጩ ድርጅት ባለሙያ ሊሠራላችሁ አይችልም። የትኛው ስም የማን እንደሆነ የሚያውቁት የሒሳብ ሠራተኛዎና የመጋዘን ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ቀኑ የሚያጥራቸው ሰዎች ናቸው። የዕለት ሥራቸውን የሚሸፍን ሰው ለጊዜው ካልተቀጠረ ጽዳቱ ከምሽት አንድ ሰዓት በኋላ፣ በድካም ይሠራል። በድካም የተሠራ ጽዳት ምን እንደሚመስል ደግሞ አውቃለሁ።

በሰበታ መንገድ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ። አዲሱ ፕሮግራም ከገባ ወራት አልፈው ነበር። ስለ ዕቃ ቀሪ ስጠይቅ የመጋዘኑ ሰው ኮምፒውተሩን ሳይነኩ ከመሳቢያቸው ካሬ ደብተር አወጡ። በየገጹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ተጽፏል፤ የተሰረዘ ሁሉ በፊርማ ተረጋግጧል። ከደብተሩ ጋር ቆጠርን፤ ገጠመ። ከኮምፒውተሩ ጋር ግን አልገጠመም። ያ ድርጅት ለሁለት አሠራር በአንድ ጊዜ ይከፍል ነበር፤ የሚያምንበት ደግሞ ሃምሳ ገጽ ያለውን ደብተር ነበር። ሰውየው ሰነፍ አልነበሩም፤ ኃላፊነታቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሥልጠና ተብሎ የተሰጣቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ ያም ከሌሎች ኋላ ቆመው ማየት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ለውጥ ፈሪ» ማለት ግፍ ነው። ስለ ወይዘሮዋም የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶች ቢያንስ ለአምስት ዓመት፣ የንግድ ሕጉ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ካዘዘም ለዚያን ያህል እንዲቀመጡ ያዛል። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲያዙም ይላል። አዲሱ ፕሮግራም መዝገባችሁን የሚያስቀምጠው በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ እዚህ የሚቀመጥ ሙሉ ቅጂ በየስንት ጊዜው፣ በማን ወጪ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻግሩት የመክፈቻ ሒሳብ እንጂ የኋላውን ታሪክ አይደለም፤ እኔም ታሪኩን ሁሉ አሻግሩ አልልም፣ ዋጋው አያዋጣም። ስለዚህ አሮጌው ፒችትሪ ለዓመታት ሊከፈት የሚችል ሆኖ መቆየት አለበት። የፒችትሪ መጠባበቂያ ፋይል ያለ ፒችትሪ አይነበብም። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ፣ ፋይሉን መልሳችሁ፣ የ2010ን አንድ ደረሰኝ ፈልጋችሁ አግኙ። ካልተገኘ መጠባበቂያ አለን አትበሉ።

ሱቆቻችሁ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ከመሣሪያው ጋር የሚሠራ ሶፍትዌር በታክስ ባለሥልጣኑ ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት፤ «ይገናኛል» የሚለው መልስ አይበቃም። ጳጉሜንንም ይጠይቁ። በእኛ አሠራር የጳጉሜን ሽያጭ ከነሐሴ ጋር ተደምሮ ይታወጃል፤ በፈረንጅ ወር ብቻ የሚያስብ ፕሮግራም የተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርቱን በየወሩ በእጅ ያሠራችኋል። ደመወዝን በሚመለከት አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ይህ ድርጅት ለነባር ደንበኞቹ ሰንጠረዡን በስንት ቀን ለወጠ? ስንትስ አስከፈለ? ከደንበኞቹ አንዱን በአካል ሄደው ይጠይቁ።

የዶላሩ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ለምሳሌ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 20 ዶላር ቢሆንና 15 ተጠቃሚ ቢኖራችሁ በዓመት 3,600 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ይህ ክፍያ ያኔ 205 ሺህ ብር ያህል ይሆን ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ360 ሺህ በላይ ሆነ። የፌሮው ዋጋ አብሮ ይወጣል ትሉ ይሆናል፤ ፌሮ ግን ውድ ሲሆን ገዢው ይቀንሳል፣ የተጠቃሚ ክፍያ ግን አይቀንስም። ውሉ በብር፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የተቆረጠ ይሁን። ኢንተርኔትን በተመለከተ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2012 ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየ አይዘንጉ፤ መብራት የሚጠፋበትን ተራ ቀን ትቼ ማለቴ ነው። መስመር በሌለበት ሰዓት ሱቁ ደረሰኝ ቆርጦ በኋላ መላክ ይችላል? ሻጩ ይህን ገመዱን ነቅሎ ያሳያችሁ።

ወንድምዎን የሚያስጨንቀው ሱቆቹና መጋዘኑ አለመተያየታቸው ነው፤ ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ከዱከም ሱቅ «ቧንቧ አለ?» ብሎ ደውሎ «የለም» የተባለ ደንበኛ ዕቃው ቱሉ ዲምቱ ላይ እያለ ይሄዳል። ይህ በየወሩ የሚያሳጣችሁን ሽያጭ ወንድምዎ በብር ገምተው ይጻፉ። ወይዘሮዋ ደግሞ በወር መዝጊያ ከኮምፒውተሩ ውጪ በደብተር፣ በኤክሴል ወይም በቃል የሚሠሩትን ሁሉ ይጻፉ፤ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይመዝግብላቸው እንጂ «ዘርዝሩ» ብቻ አይባሉ። የባንክ ማስታረቂያው፣ ማለትም መዝገባችሁን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ፣ በተለይ አይቅር። የእንግሊዟ የበርሚንግሃም ከተማ አስተዳደር በእ.ኤ.አ. 2022 ከኤስኤፒ ወደ ኦራክል ፕሮግራም ሲሻገር ከተሰናከለባቸው ነገሮች አንዱ የባንክ ማስታረቂያ ነበር፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የታሰበው ሥራም ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ውሳኔው የሁለት ሰዎች ክርክር መሆኑ ይቀራል።

እኔ የምመክረው መሻገሩን ነው፤ የሚጀመረውም በበጀት ዓመቱ መግቢያ፣ ሐምሌ 1 ቀን ይሁን። ሰኔ 30 ቆጠራ አድርጋችሁ የምታገኙትን ቀሪ አስገቡ፤ ሐምሌንና ነሐሴን፣ ጳጉሜንንም ጨምራችሁ፣ ሁለቱንም ፕሮግራም ጎን ለጎን አሠሩ። ለሁለቱ ወራት ተጨማሪ ሰው በጀት ይያዝ። የዕቃና የደንበኛ ዝርዝር ጽዳቱን ግን አሁኑኑ ጀምሩ፤ ባትሻገሩ እንኳ ፒችትሪያችሁ ይጠራል። ውሉ ውስጥ መዝገባችሁን በፈለጋችሁ ጊዜ ያለ ክፍያ፣ በኤክሴል አውጥታችሁ መውሰድ እንደምትችሉ ይጻፍ። ከክፍያው ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ደግሞ የነሐሴና የጳጉሜን የታክስ ሪፖርት ከፒችትሪው ጋር እስኪገጥም በእጃችሁ ይቆይ። ሻጩ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ የእናንተኑ ፌሮ በኪሎ ተረክቦ በቤርጋ ሸጦ ካላሳያችሁ፣ ለዚህ ሐምሌ አትፈርሙ።