መልስ፦ ሬኒየም በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

የሞተር ብሌዶች (በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላጭ መሰል ክንፎች) በዋናነት የሚሠሩበት ኒኬል ሙቀት የሚችል ከሆነ ሬኒየምን የመሰለ ውድ ብረት መጨመር ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀዋል።

የፒያሳ አንጥረኞች የሚያቀልጡት ንጹሕ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ኒኬል ደግሞ በ1,455። በዘመናዊ ሞተር የተርባይኑን (በጋለ ጋዝ ግፊት የሚሽከረከረውን ክፍል) የፊት ብሌዶች የሚመታው ጋዝ ግን ከዚያም በላይ ይግላል። ብሌዱን ከመቅለጥ የሚያድነው ሬኒየም ሳይሆን በውስጡ ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች የሚያልፈው አየርና ላዩ ላይ የተቀባው ሴራሚክ ነው። የሬኒየም ሥራ ሌላ ነው፤ ግሎ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ብሌድ ከሰዓታት ብዛት ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ፣ በኒኬሉ ውስጥ እጅግ በዝግታ የሚንቀሳቀሱት የሬኒየም አተሞች ይህን መለጠጥ ያዘገዩታል። ሁለተኛው ትውልድ ባለአንድ ክሪስታል ቅይጥ (ብሌዱ በሙሉ እንደ አንድ ክሪስታል ሆኖ የሚሠራበት የብረቶች ድብልቅ) 3 በመቶ ገደማ፣ ሦስተኛው 6 በመቶ ገደማ ሬኒየም አለው።

ችግሩ አቅርቦቱ ላይ ነው። ሬኒየም በአብዛኛው የሚገኘው ከመዳብ ጋር የሚወጣው የሞሊብዲነም ማዕድን ሲቆላ ከሚወጣው ጭስ በመሆኑ፣ ዋጋው ስለናረ ብቻ ምርቱ አይጨምርም፤ ዋነኛዋ አምራችም ቺሊ ናት። እንዲህ ያለ የአቅርቦት ችግር ከዚህ በፊትም ታይቷል፤ በሞተር ቅይጦች ውስጥ የሚገባው ኮባልትም እ.ኤ.አ. በ1978 በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ሻባ ግዛት በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ዋጋው ሲንር ሞተር ሠሪዎች ኮባልት የሚቀንሱ ቅይጦችን ለመፈለግ ተገድደዋል።

በነገራችን ላይ፣ ለእነዚሁ ብሌዶች የሚጨመረው ታንታለም የተባለ ብረት በአገራችንም በኦሮሚያ ቀንጢቻ ላይ ይገኛል፤ ነገር ግን ማዕድን ማውጣትና ለብሌድ የሚበቃ ንጹሕ ብረት ማምረት እጅግ የተራራቁ ሥራዎች ናቸው።