ማኑስክሪፕቱን ልመን ወይስ የታተመውን ልፈልግ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለቴሲሴ የምፈልገው ጽሑፍ በጆርናሉ ድረ ገጽ ክፍያ ይጠይቃል። ፐብመድ ሴንትራል በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ግን «የደራሲ ማኑስክሪፕት» ተብሎ በነጻ አገኘሁት። አማካሪዬ «እሱን ተይው፣ የታተመውን አምጪ» አሉኝ። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአማካሪዎ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ያገኙት ግን የሚጣል ጽሑፍም አይደለም። መጀመሪያ ከላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። «ፕሪፕሪንት» ካለ ገምጋሚ ሳያየው የወጣ ነው። «የደራሲ ማኑስክሪፕት» ከሆነ ግን ገምጋሚዎች አይተውት፣ ጆርናሉ ተቀብሎት፣ የቋንቋ እርማትና የገጽ ቅንብር ብቻ የቀረው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሰጣቸው ተመራማሪዎች ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ቅጂ ፐብመድ ሴንትራል ውስጥ እንዲያስገቡ ይገደዳሉ።

የጥናቱ ዘዴና መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከታተመው ጋር አንድ ነው። ጣጣው ያለው ቁጥርና ምልክት ላይ ነው። በኮምፒውተር «ሲምቦል» በሚባለው ፎንት ውስጥ ለማይክሮ የምትቆመው ሚዩ የተቀመጠችው በእንግሊዝኛው «ኤም» ቦታ ነው። ፋይሉ ሲገለበጥ ፎንቱ ከጠፋ ሚዩ «ኤም» ትሆንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ 400 ሚሊግራም ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ሺህ እጥፍ! በዚሁ መንገድ «≤» ወደ «£»፣ «≥» ወደ «³» ይለወጣል። በሠንጠረዥ ውስጥ የፓውንድ ምልክት ካዩ የሌሎቹንም ምልክቶች ነገር ይጠርጥሩ። የሠንጠረዥ ድምር ስህተትም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ከኅትመት በፊት በሚደረገው በመጨረሻው የእርማት (ፕሩፍ) ንባብ ላይ ስለሆነ፣ መቶኛዎቹን ራስዎ በካልኩሌተር ያስሉ።

ሌላው እርማት ነው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ወይም ጨርሶ ቢሰረዝ ማስታወቂያው የሚወጣው በጆርናሉ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠው ማኑስክሪፕት እንደነበረ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዲኦአዩን (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ይዘው የጆርናሉን ገጽ ይክፈቱ። ክፍያ የሚጠየቀው ለሙሉው ጽሑፍ ነው፤ አጠቃሎቱንና የእርማት ማስታወቂያውን ብዙውን ጊዜ በነጻ ያያሉ። ጽሑፉ መታረሙን ወይም መሰረዙን የሚያሳይ «ክሮስማርክ» የሚል ቁልፍ ካለም ይጫኑት። በፐብመድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ያለውን የጽሑፉን መዝገብም አይለፉት።

ለመግቢያ ምዕራፍ ከሆነ ማኑስክሪፕቱ ይበቃዎታል። ከሠንጠረዥ ቁጥር ወስደው ሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጣምሮ የሚያሰላ ትንታኔ) የሚሠሩ ከሆነ ግን አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ የታተመውን ሳያዩ አይነሡ። ለዚህ መክፈል ላያስፈልግዎት ይችላል፦ የኢትዮጵያ ተቋማት ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው የታዳጊ አገሮች ፕሮግራም በኩል የሂናሪን (የጤና ክፍሉን) ጆርናሎች በነጻ ከሚያገኙት ወገን ናቸው። የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍትዎን ይጠይቁ። የሚፈልጉት እዚያ ከሌለ ለደራሲው ኢሜይል ይጻፉ።

ሲጠቅሱ የማኑስክሪፕቱን የገጽ ቁጥር አይጠቀሙ፣ ከጆርናሉ ጋር አይገጥምም። የጆርናሉን ስም፣ ቅጹንና ዲኦአዩን ይስጡ፤ ያነበቡት ማኑስክሪፕቱን ብቻ ከሆነ ይህንኑ ከፐብመድ ሴንትራል ቁጥሩ ጋር ይግለጹ።