ፔደንክል የቱ ነው? ፔዲሰልስ?

"ወፍራሙ የአበባ ዘንግ ፔደንክል፣ ቀጭኑ ፔዲሰል ነው አይደል?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ አይደለም። ውፍረቱን እርሺው። ዋናው ምን ተሸክሟል የሚለው ነው። ዘለላውን በሙሉ የተሸከመው ፔደንክል ነው። በዘለላው ውስጥ አንዲቷን አበባ ለብቻዋ የያዘችው ደግሞ ፔዲሰል ናት። አበባው ብቸኛ ከሆነ ዘንጉ ቢቀጥንም ፔደንክል ይባላል።

እኔ አትክልት ሳለማ ነገሩ በደንብ የገባኝ ቲማቲም ላይ ነው። ዘለላው ከግንዱ ከሚነሳበት አንስቶ እስከ መጀመሪያዋ አበባ ያለው ፔደንክል ነው። ከዚያ ወዲያ አበቦቹ ግራና ቀኝ የሚወጡበት ዋናው ዘንግ ራኪስ ይባላል። ከራኪሱ ወደ እያንዳንዷ አበባ የምትሄደው አጭሯ ጭራ ፔዲሰል ናት። ጠጋ ብለሽ ካየሻት እብጥ ያለች አንጓ አለቻት። ሙቀት ሲበረታ አበባው የሚረግፈው እዚችው አንጓ ላይ ተቆርጦ ነው። መሬት የወደቁትን አንስተሽ እያቸው፣ ቁራጭ ጭራ ይዘዋል። ገበያ ላይም ቲማቲም አረንጓዴ ቆቡንና ቁራጭ ጭራውን ይዞ የምታገኚው ለዚህ ነው። አንጓ የሌላቸው ዝርያዎችም አሉ። ሲለቀሙ ጭራው እዚያው ተክሉ ላይ ይቀራል። በማሽን ለሚለቀምና ለድልህ ፋብሪካ ለሚሄድ ቲማቲም እነሱ ይመረጣሉ፤ ጭራ ከሌለ ጎረቤቱን አይወጋማ!

ለዘር የተተወ ሽንኩርት ደግሞ ቅጠል የሌለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ዘንግ ያወጣል። እሱም ፔደንክል ነው፤ ግን ከሥር ተነስቶ ያለ ቅጠል ስለሚወጣ ስኬፕ የሚል የራሱ ስም አለው። ጫፉ ላይ ካለው ክብ የአበባ ዘለላ አንድ አበባ ብትነቅዪ ቀጭን ፔዲሰሏን ይዛ ትመጣለች። እዚህ ራኪስ አትፈልጊ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው የሚበቅሉት። ራኪስን ለብቻው ማየት ካማረሽ የስንዴ ዛላ ፈልፍዪ፤ መሃል ላይ የሚቀርሽ ዚግዛጉ እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን አደይ አበባና የፈረንጅ ሱፍ ላይ ነው። አንድ አበባ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ናቸው። ስለዚህ ከሥር ያለው ዘንግ ፔደንክል ነው። ትንንሾቹ አበቦች ሪሴፕታክል በሚባለው ሰፊ መቀመጫ ላይ በቀጥታ ስለተቀመጡ ፔዲሰል የላቸውም። ፈተና ላይ የሱፍ ስዕል አምጥተው ፔዲሰሉን አመልክቺ ካሉሽ ጥያቄው ራሱ ወጥመድ ነው።