ማይክሮሶፍት 365 ኮዱን አልቀበልም ሲል መጀመሪያ የስልኩን ሰዓት እይ

ጥያቄው የመጣው ሐዋሳ ካለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነው። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ማይክሮሶፍት 365 የሚባለውን የኢሜይልና የቢሮ ሥራ አገልግሎት ይጠቀማሉ። ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ግዴታ ስለሆነባቸው ሁሉንም ማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር በሚባለው የስልክ አፕ አስመዘገበ። ብዙዎቹ ያለ ችግር ይገባሉ። ገንዘብ ያዧ፣ ሾፌሩና የመጋዘን ኃላፊው ግን ባለ ስድስት አሃዙን ኮድ ባስገቡ ቁጥር «ትክክል አይደለም» ይባላሉ። አፑን ደጋግሞ አጥፍቶ ጭኖላቸዋል፣ ለውጥ የለም። ሦስቱም ዳታ ብዙ አይከፍቱም። በዚያ ላይ ስካነሩ ኢሜይል መላክ አቁሟል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሦስት ሰው በአንድ አካውንት ይሠራል፤ ከሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ደግሞ የአንዳንድ ሠራተኞችን የጉግል ኦተንቲኬተር (ሌላ ኮድ አውጪ አፕ ነው) መመዝገቢያ ኪዩአር ኮድ በቴሌግራም ግሩፕ ልኮ ነበር። «ማረጋገጫውን ለሦስቱ ብቻ ላጥፋላቸው?» ይላል።

አታጥፋ ወንድሜ። ምንም ከመንካትህ በፊት ግን አንድ ነገር ስማኝ። የመግቢያ ቅንብር ስትቀይር የተከፈተውን የአድሚን ገጽህን አትዝጋ፣ ሎግአውትም አታድርግ። በሌላ ብራውዘር፣ በሌላ የአድሚን አካውንት ገብተህ መሥራቱን እስክታይ ድረስ ያ ገጽ ክፍት ይቆይ። ራሳቸው ላይ በሩን ቆልፈው የቀሩ ድርጅቶች ገጥመውኛል። ከዚያ በኋላ ማንነትህን አስረድቶ መመለሱ ቀናት ይፈጃል። የደመወዝ ሰሞን ከሆነማ አስበው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች። ጥርጣሬዬ ሰዓታቸው ላይ ነው። ስልካቸውን በእጃቸው ወደ ሐበሻ ሰዓት አዙረውታል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ኮድ ከኢንተርኔት አይመጣም። ስልኩ በምዝገባ ጊዜ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ያው ቁልፍ ማይክሮሶፍት ጋም አለ። ከዚያ በኋላ ኮድ ለማውጣት ሁለቱ አይነጋገሩም። እያንዳንዳቸው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይቆጥራሉ። ቁጥሩን ለ30 ያካፍሉታል። ውጤቱን ከቁልፉ ጋር አስልተው ስድስት አሃዝ ያወጣሉ። ቁልፉና ሰዓቱ አንድ ከሆኑ ኮዱም አንድ ይሆናል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረውም፣ ዳታ ሳይከፈት የሚሠራውም ለዚህ ነው። ማይክሮሶፍት ትንሽ መዘግየት ይታገሣል፤ የሰዓታት ልዩነት ግን አያልፍም።

እስቲ የገንዘብ ያዧን ስልክ አስብ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ 8:30 ሲላት አልተመቻትም። አውቶማቲኩን አጥፍታ 2:30 አደረገችው። የሰዓት ቀጠናው ግን አዲስ አበባ እንዳለ ነው። ስለዚህ ስልኩ ገና ሌሊት ነው ብሎ ያምናል። 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ 21,600 ሰከንድ ነው፤ ለ30 ሲካፈል 720 ኮድ ያህል። አፑ ላይ ሰከንድ የምትቆጥረው ክብ ትዞራለች፣ ቁጥሩ ይቀያየራል፣ አፑ ጤነኛ ይመስላል። የሚያወጣው ግን ከ6 ሰዓት በፊት ያለፈበትን ኮድ ነው። አፑን አጥፍተህ መጫንህ ምንም ያልፈየደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሲመዘገቡ እንዴት አለፉ? ያኔ በቢሮው ዋይፋይ ላይ ነበሩ። አፑ ኮምፒውተሩ ላይ የታየውን ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ጻፍ ነው የሚለው፤ እሱ በኢንተርኔት ይሄዳል እንጂ በሰዓት አይሰላም። ዳታ ሲጠፋ ብቻ ነው ወደ ስድስት አሃዙ የሚሄዱት።

መፍትሔው አጭር ነው። የስልኩ ቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ ግባና አውቶማቲክ ሰዓቱን አብራ። «የፈረንጅ ሰዓት አልፈልግም» የሚል ካለ፣ አንድሮይድ ላይ አውቶማቲክ ሰዓቱን እንደበራ ትተህ አውቶማቲክ ቀጠናውን ብቻ አጥፋ፤ ቀጠናውን ቦነስ አይረስ አድርገው። አርጀንቲና ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በበጋና በክረምትም ሰዓቷን አትቀያይርም። ስልኩ የሐበሻ ሰዓት ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ግን ትክክል ይሆናል። ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው።

ባትሪ በወጣ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ርካሽ ስልክ ካለ አብሮት አትታገል። እነዚህ ስም የለሽ ስልኮች ስንት ሰው እንዳስለቀሱ እኔ ነኝ የማውቀው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ፊዶ2 የሚባለውን በዩኤስቢ የሚሰካ ቁልፍ ግዛለት። ሰዓትም ዳታም አይፈልግም። ስትገዛ ግን «ፊዶ2» መሆኑን አረጋግጥ፤ የድሮውን ዩቱኤፍ ብቻ የሚያውቁ ርካሽ ቁልፎች ይሸጣሉ፣ ማይክሮሶፍት አይቀበላቸውም። ኤስኤምኤስን የመጨረሻ አማራጭ አድርገው፤ በስምህ ምትክ ሲም ያስወጣ ሰው ኮዱንም ይወስዳል።

እንግዳ መቀበያው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ስጥ። የጋራው አድራሻ ሼርድ ሜይልቦክስ፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚከፍተው የጋራ የኢሜይል ሳጥን ይሁን። እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ የሚከፈልበት ፈቃድ (ላይሰንስ) አይጠይቅም፤ በቀጥታ ሎግኢን የሚደረግበት መሆን የለበትም፤ ሦስቱም በየራሳቸው ገብተው ይከፍቱታል። ስካነሩ ደግሞ ሰው አይደለም፣ ስልክ አያነሳም። ሴኩሪቲ ዲፎልትስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ዝግጁ የጥበቃ ቅንብር ሲበራ በፓስወርድ ብቻ የሚገባውን የድሮ አሠራር ይዘጋል። ስካኑን ቢሯችሁ ውስጥ ወዳለ የጋራ ፎልደር አስቀምጥ፣ ተገላገልክ። ለስካነር ብሎ የሁሉንም ሰው ጥበቃ ማጥፋት ግን የማልታገሠው ሥራ ነው።

አድሚኖች ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫው ምርጫ የለውም። ኢንትራና አዙር በሚባሉት የማይክሮሶፍት አድሚን ገጾች ላይ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ፣ የ365 አድሚን ገጽ ላይ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በየደረጃው ግዴታ ሆኗል። ለክፉ ቀን የተቀመጠ አካውንትም ነፃ አይወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ሁለት የአድሚን አካውንቶች ክፈት፤ ስማቸው ኦንማይክሮሶፍት ዶት ኮም ላይ ያልቅ። ለየብቻ ፊዶ2 ቁልፍ ስጣቸውና በሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ቆልፍባቸው። የማንም ሰው ስልክ ላይ አታስራቸው፤ ሰውየው ሥራ ሲለቅ በሩ አብሮት ይሄዳል። ሁለቱንም ገብተህ ሞክራቸው። እስክትሞክራቸው ድረስ ያልኩህን ገጽ አትዝጋ።

የቴሌግራሙ ጉዳይ አናደደኝ። ያ ኪዩአር ኮድ ምስጢሩ ራሱ ነው። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የጓደኛውን ኮድ ማውጣት ይችላል፤ መልእክቱን ማጥፋትም አይበቃም። ለእነዚያ ሠራተኞች መጀመሪያ አዲስ ማረጋገጫ አስመዝግብ፣ በሱ ሲገቡ በዓይንህ እይ፣ ከዚያ የድሮውን ሰርዝ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጥ። ፓስወርዳቸውንም ቀይር፣ ክፍት የቀሩ መግቢያዎችንም ከአድሚን ገጹ ላይ ዝጋቸው።

ስትጨርስ ሦስቱን ሰዎች አስቀምጣቸውና ዳታና ዋይፋይ አጥፍተው በስድስት አሃዙ ኮድ ይግቡ። ሰዓቱ ተስተካክሎም እምቢ ካለ የስልኩን ሞዴልና ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ።