አልትራሳውንዱ ላይ ያየሁት ቀይና ሰማያዊ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሰሞኑን አልትራሳውንድ ተነሳች። አብሬያት ገብቼ ስለነበር እባጩ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነገር ብልጭ ድርግም ሲል አይቻለሁ። ባለሙያው «ደም ስር በዝቶበታል» ከማለት ሌላ ምንም አላለንም። ቀዩ ካንሰር ነው እንዴ? ኮምፒውተርስ ምስሉን አይቶ ቁርጡን አይነግረንም?
ሜ. ከአዳማ

መልስ፦ አይ፣ ቀዩ ካንሰር አይደለም። ብዙ ሰው ቀዩን ደም ቅዳ፣ ሰማያዊውን ደም መልስ ይለዋል፤ እሱም አይደለም። ያየሽው ዶፕለር ይባላል፤ የደምን ፍሰት በቀለም የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ ከመሣሪያው የሚርቀው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ባለሙያው መሣሪያውን ዘንበል ቢያደርገው ያው ደም ስር ቀለሙን ሊቀይር ይችላል።

«በዝቶበታል» የተባለው ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ዕጢ ከ1–2 ሚሊ ሜትር በላይ ለማደግ የራሱ ደም ስር ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ይህን በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። ዕጢው በጥድፊያ የሚያበቅላቸው ደም ስሮች ታዲያ ወግ የላቸውም፦ ይጠማዘዛሉ፣ እዚህ ሰፍተው እዚያ ይጠባሉ፣ ያፈሳሉ፣ አንዳንዶቹም የትም ሳይደርሱ ይቀራሉ። ምስል ተንታኞች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ደም ስሩን ከዙሪያው ሥጋ ይለያል፣ ከዚያ አቅጥኖ አቅጥኖ እንደ ክር ያስቀረውና የክሩን ርዝመት በሁለቱ ጫፎች መካከል ላለው ቀጥታ ርቀት ያካፍላል። 1 ከመጣ ደም ስሩ ቀጥ ያለ ነው፤ 2 ከመጣ መንገዱ እጥፍ ረዝሟል ማለት ነው። ኤምአርአይ ላይ ደግሞ ምስሉን የሚያደምቅ፣ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ያለበት መድኃኒት በደም ስር ይሰጥና ምስሉ እየተደጋገመ ይነሳል፤ እባጩ ቶሎ ደምቆ ቶሎ ከደበዘዘ ያጠራጥራል።

ቁርጡን ግን ይህ ሁሉ አይነግርሽም። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ እባጭም፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ደም ስር ሊበዛበት ይችላል። መግል የያዘ ቁስልም እንደዚያው። በተቃራኒው አንዳንድ ካንሰር ዶፕለር ላይ ምንም ቀለም ላያሳይ ይችላል፤ በጣም ቀጫጭኖቹን ደም ስሮች መሣሪያው አይዛቸውማ!

የሚለየው ከእባጩ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ባይራድስ» (BI-RADS፣ የጡት ምስል ምን ያህል እንደሚያጠራጥር በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ) ከሚለው አጠገብ ቁጥር ካለ እዪው፦ 3 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ተመለሱ ይባላል፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ግን ናሙና ይወሰዳል፤ ቀጠሮውን አታስተላልፉ። ቁጥር ከሌለው ሐኪሟን ፊት ለፊት ጠይቁ።